የቦሌ ከፍታና የረጅም ርቀት በረራ የክብደት ገደብ

ከአምቦ፣ ከጊንጪ ወይም ከሆለታ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ የአየር ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ከሚገኘው የቦሌ ኤርፖርት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ በ2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787ን፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ተረክቧል። ይሁንና የአውሮፕላኑ ዘመናዊነት የከፍታውን ተጽዕኖ አያስቀርም።

በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የመነሻ ፍጥነቱ በ12 በመቶ ገደማ መጨመር ሲኖርበት፣ የሞተሩ ግፊት በአንጻሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጅና ጭነት በአንድ የክብደት ጣሪያ ሥር ይሻማሉ። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ለዓመታት በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፣ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ካለው የዳለስ ኤርፖርት የሚነሳው የመልስ በረራ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቷል። ወደ ምዕራብ ሲበር ፊት ለፊት የሚገጥመው ነፋስም ለልዩነቱ ድርሻ አለው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው ኤርፖርት ዝቅ ባለ ስፍራ መሆኑ ይህን ገደብ ያላላል። የምዕራብ ሸዋ መንገደኛ ግን አዲስ አበባን አቋርጦ ማለፍ ይኖርበታል። በአየር የተገኘው ትርፍ በየብስ እንዳይባክን የመንገዱ ጉዳይ ከኤርፖርቱ እኩል ሊጠና ይገባል።