የዘመኑ ግጥምና የእጅ ስልክ

ግጥም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሠርግም ሆነ በልቅሶ፣ በአጨዳም ሆነ በውድማ ሁሉም እንደ ችሎታው ይገጥማል። በጎረቤታችን በጋይንትም ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩ ጥንታውያን ጉባኤ ቤቶች ናቸው። በዘመናችን የተለወጠው ግጥም የሚጓዝበት መንገድ ነው። ስለዚህ ግጥም በኢንተርኔት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚነበብ፣ ጥቅሙንና ጉድለቱን ጭምር በአጭሩ ላስረዳ አሰብሁ።

አስቀድሞ ስለ ፊደላችን እንመልከት። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ለየፊደሉ አንድ የታወቀ ቁጥር ሰጠ። ዛሬ በወገዳ በስልክ የተጻፈች ስንኝ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ሳትበላሽ የምትነበበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። መጽሐፍ ለማሳተም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ግጥም ለማውጣት ግን ስልክና መስመር ይበቃል። ማንበቡም እንዲሁ ነው። በዕውቀቱ ስዩም በፌስቡክ የሚጽፈውን፣ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይቀርብ ከነበረው ከግጥም በጃዝ በዩቲዩብ የሚገኘውን፣ እኛም እዚሁ ሆነን ለማንበብና ለማዳመጥ በቅተናል።

ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች አሉ።

አንደኛው የአራሚ መጥፋት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ምሥጢሩንና ምጣኔውን መርምረው ያርሙታል። በስልክ የወጣ ግጥም ግን ሳይታረም ከብዙ ሰው ፊት ይቀርባል። ላይክ የሚባለውም ምልክት ስንኙ መወደዱን ይናገራል እንጂ ቤት አለመምታቱን አይናገርም። ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የወል ቤት የቱ ላይ እንደ ተሰበረ የሚነግረን ጆሮ ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው የባለቤት ስም መጥፋት ነው። የአንድ ጓደኛዬ ግጥም ስሙ ተቆርጦ በሌላ ሰው ስም ሲዞር አይቻለሁ። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ጽሑፍን ማስመዝገብ ሳያስፈልግ ይጠብቃል፤ ደራሲውም ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። የሌላውን ግጥም ስናስተላልፍ ስሙን መተው ሕግንም ወዳጅነትንም መጣስ ነው።

ሦስተኛው ያለመቆየት ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በመስመር ላይ ብቻ የተቀመጠ ግጥም ለባለቤቱ እንኳ ራቀው፤ በደብተር የተጻፈው ግን በኩራዝም ይነበብ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ግጥማችንን አስቀድመን በደብተር እንጻፍ፤ ቀኑንም እናስፍርበት። አንድ ሌሊት አሳድረን ለሚያርመን ጓደኛ ወይም ለአማርኛ መምህራችን ድምፃችንን አሰምተን እናንብብ። ከዚያ በኋላ ስማችንን ጽፈን በስልክ እንላከው። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ብንሰጠው ይበቃል። ፈቃደኞች የሆናችሁ ሁሉ በሚመጣው ዓመት አንድ ማኅበር እንድናቋቁም በአክብሮት እጠይቃለሁ።