ምዕራፍ 7፦ ዳገት፣ ጭቃና ካቦ

የወላይታዋ ሶዶ የተቀመጠችው በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ በሁምቦ በኩል አባያ ሐይቅ ዳርቻ የደረሰ ሰው ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። በኪንዶ ኮይሻ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚሄደውንም የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ልዩነቱን ያስታግሰዋል። ከአስፋልት ወጥተው ወደ ቀበሌ የሚገቡት የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ቡና ሰብሳቢው ግን ዳገቱን ፊት ለፊት፣ በሞተር ነው የሚጋፈጡት። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት እነሱን እያሰብኩ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አፈሩ። የወላይታ ቀይ አፈር ሲደርቅ ጎማን እንደ ጥርስ ነክሶ ይይዛል። በበልግ ለሩብ ሰዓት ካካፋበት ግን ሳሙና ይሆናል። አታላይ የሚያደርገው ደግሞ ጭቃው ጥልቅ አለመሆኑ ነው፤ የራሰው የላዩ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ከሥሩ ያለው እንደ ሰሌዳ ጠንካራ ነው። የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ጎማ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቀን ከሁሉ የሚሻለው ብልሃት ሞተሩን አቁሞ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ሁለት ሰዓት የዘገየ ክትባት ይደርሳል።

ዳገቱ የሚወጣው ከግርጌው ነው። ይውረዱ፣ በእግርዎ ይውጡት። ጫፉ ላይ ምን እንዳለ፣ መሐል ላይ ቢቆሙ የሚዞሩበት ቦታ መኖሩን፣ ወደ ኋላ ቢንሸራተቱ የሚያርፉት አጥር ላይ ይሁን ገደል ውስጥ ይመልከቱ። ቁልቁለቱን ለመለካት የአንድ ሜትር ዱላ ይበቃል። የዱላውን አንድ ጫፍ ዳገቱ ላይ ያስነኩ፣ ዱላውን አግድም አስተካክለው ወደ ቁልቁል ይዘርጉት፣ ከዚያ ነፃው ጫፍ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ ይለኩ። 27 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 15 ዲግሪ ነው፤ 47 ከሆነ 25 ዲግሪ። የባለአራት ጎማ ሞተር አምራቾች በመመሪያቸው ከ25 ዲግሪ በላይ አትውጡ ይላሉ፣ 15 ላይ የሚያቆሙም አሉ። ይህ የተባለው ለደረቅ መሬት እንደሆነ ያስቡ።

ለመውጣት ከወሰኑ ከባድ ማርሽ ከታች አስገብተው ይነሱ። መሐል ላይ ማርሽ መቀየር ማለት ለአፍታ ጉልበት ማጣት ነው፤ ዳገት ደግሞ ያችን አፍታ ይጠብቃል። ደረትዎን ወደ መሪው ያስጠጉ፣ ቤንዚኑን ሳያስጮኹ እኩል ይስጡ።

ሞተሩ ቢጠፋስ? ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ባለሁለት ጎማ ከሆነ የፊት ፍሬን ብቻውን አይይዝልዎትም፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ የፊት ጎማው ይንሸራተታል። ሞተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፣ የኋላው ጎማ ይቆልፋል። ከዚያ በዳገቱ ወገን ይውረዱና ሞተሩን በዚያው ጎን ያስተኙት። ሞተር ሲወድቅ የሚቧጨረው ቀለሙ ነው፤ ልይዘው ብለው ከታች የቆሙ እንደሆነ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ብረት ላይዎ ይወርዳል።

ባለአራት ጎማው ወደ ኋላ መንከባለል ከጀመረ ነዳጅ አይስጡ፣ የኋላውን ፍሬንም አይንኩ። ሁለቱም የፊቱን ወደ ሰማይ አንስተው ሞተሩን በነጂው ላይ ይገለብጡታል። ክብደትዎን ወደ ዳገቱ አድርገው የፊት ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይያዙ፤ ፈጽሞ ሲቆም የኋላውን ጨምረው የማቆሚያውን ይቆልፉና በዳገቱ ወገን ይውረዱ። አራት ጎማ ስላለው አይወድቅም የሚለው እምነት ሰው ጨርሷል። ሆንዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የዚህ ዓይነት የመጀመሪያ ሞተር ባለሦስት ጎማ ነበር፤ ሦስት ጎማ እየተገለበጠ ብዙ ሰው በመጉዳቱ በ1988 በአሜሪካ ሽያጩ ቆመ። የእኛ ባጃጅ ለአስፋልት የተሠራ ሌላ ዘር ነው፣ ሆኖም በጎን ተዳፋት ላይ ሲዞር ያው የሦስት ጎማ ድካም አለበት።

ስለ መውረድ አንድ ቃል ይበቃኛል፦ ፎሌ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ ቁልቁለት መልቀቅ ልማድ ሆኗል። በፎሌ የሚወርድ ሞተር የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝ፣ እርስዎም ወደ ኋላ ተደግፈው ይቀመጡ። ሰው አፈናጠው ከሆነ ቁልቁለቱን በእግሩ ይውረደው። ሄልሜቱ መሪው ላይ ሲንጠለጠል ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ካቦን በከበሮ እየጠቀለለ የተቀረቀረ መኪና ወደሚጎትተው ዊንች። ዊንች የሚገኘው በአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘሮችና በባለአራት ጎማ ሞተሮች ፊት ላይ ነው። የሚጻፍበት የመጎተት ጉልበት ካቦው ከሞላ ጎደል ተፈትቶ፣ ከበሮው ላይ የመጨረሻው ድርብ ብቻ ሲቀር ያለው ነው። ካቦው በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ሆኖም ፈጽሞ አይጨርሱት፤ የሽቦ ካቦ ቢያንስ አምስት ዙር ከበሮው ላይ መቅረት አለበት። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን መኪና 30 ዲግሪ ዳገት ላይ ቢቆም ክብደቱ ብቻ በ1.5 ቶን ወደ ታች ይስባል፤ የጭቃው ጥብቀት ገና አልተቆጠረም። ጉልበት ካነሰ ካቦውን በመዘውር አዙረው ወደ መኪናው ይመልሱት፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል።

ካቦውን ምን ላይ ያስሩታል? በወላይታ ጓሮ አጠገብ የመጀመሪያው የሚታየው እንሰት ነው፤ ወፍራም ቢመስልም ግንዱ የቅጠል እግር ድርብርብ ስለሆነ ይቦደሳል። የቤተሰብ ምግብም ነው። ወፍራም ዛፍ ይፈልጉ፣ በሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ከሥሩ ዝቅ አድርገው ይሰሩት። ካቦው ልጡን ከቆረጠው ዛፉ ይደርቃል፤ ሁምቦ ላይ በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ደን እንዲያገግም ሕዝቡ ስንት ዓመት እንደደከመ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ዛፍ ከሌለ ስኮርታውን በጥልቅ ጉድጓድ ቀብሮ መሳብ ይቻላል፣ ድካሙ ግን የግማሽ ቀን ነው።

ዋናው ነገር ግን ሰው ነው። በእኛ አገር መኪና ጭቃ ሲይዘው ብቻውን አይቀርም። ገበሬው ዶማውን፣ ልጆቹ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ አፋፉ ላይ ቆመው ይመለከታሉ። ደስ የሚል ባሕል ነው፤ የምሰጋውም ለእሱ ነው። የተወጠረ የብረት ካቦ ከተበጠሰ ወይም መንጠቆው ከተነቀለ፣ እጅ ለመመለስ ፋታ ሳይሰጥ እንደ ጅራፍ ተመልሶ የመጣበትን መስመር ይጠርጋል። 20 ሜትር ካቦ ከተዘረጋ ሰው በ30 ሜትር ይራቅ፤ ካቦው ላይ የሚራመድ፣ በላዩ የሚሻገር አይኑር። መሐሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የራሰ ጋቢ ያንጠልጥሉ፣ ቢበጠስ ኃይሉን ያበርደዋል። እጅዎ በቆዳ ጓንት ይሁን፣ ካቦው ወደ ከበሮው ሲገባ ግን በጓንትም አይጠጉ። ከመኪናው ጎማ ሥር ታኮ የሚያስገባው ረዳት መሳቡ ሳይጀመር ይጨርስና ይውጣ።

«ዞር በሉ!» ብሎ መጮህ ብቻውን አይሠራም፤ ልጆቹ ሁለት እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ። ከተሰበሰበው መሐል የሚከበሩትን አዛውንት ይፈልጉ፣ ጠጋ ብለው «አባባ፣ ይህ ገመድ ቢበጠስ ሰው ይገድላል፤ ልጆቹን ይያዙልኝ» ይበሏቸው። እሳቸው ከያዙ ማንም አይንቀሳቀስም። ክረምት ከሆነ ከበላይዎ ያለውን ተዳፋትም አብረው ይመልከቱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ሲናድ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ብዙዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ የደፈረሰ ምንጭ ወይም ያዘነበለ ዛፍ ካዩ መኪናውን ጥለው ሰዉን ይዘው ይውጡ።

መኪናው ከወጣ በኋላ ካቦውን እየጠረጉ፣ እየተመለከቱ ይጠቅልሉት። ከሽቦዎቹ የተበጠሱ ወይም የተጣመሙ ካገኙ አይቋጥሩት፣ በሽቦም አይጠግኑት። ያ ካቦ ሥራውን ጨርሷል፤ ይጣሉት።