ልቧ የሚታይ እንቁራሪት

የሰው ልብ ከውጭ አይታይም ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ግን የሆዷ ቆዳ እንደ መስተዋት ጠርቶ፥ ልቧ ሲመታ በዓይን የምትታይ እንቁራሪት አለች። የመስተዋት እንቁራሪት የሚባለው ይህ ወገን ከ150 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፤ ብዙዎቹም ከ3 ሳንቲሜትር አይበልጡም።

አኗኗራቸውን ስንመለከት፥ ሴቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ ውስጥ ሳይሆን ከጅረት በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ጠባቂው ወንዱ ነው። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጭራ ያለው ግልገል ከቅጠሉ ወደ ውሃው ይወድቃል። ስለዚህ ዛፉ ቢቆረጥ ወይም ጅረቱ ቢደፈርስ ትውልዱ ይቋረጣል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከእነዚህ አንዱ ዝርያ ሲተኛ ከቀይ የደም ሕዋሳቱ 89 በመቶ ያህሉን በጉበቱ ውስጥ ያከማቻል፤ በዚህም ሰውነቱ ይበልጥ ጠርቶ ከጠላት ይሰወራል። ይህን ያህል ደም በአንድ ስፍራ ታምቆ ሳለ አለመርጋቱ ሐኪሞችን የሚያነጋግር ምስጢር ነው።

በዚያው ዓመት በኤኳዶር፥ በአንዲስ ተራራዎች ምዕራባዊ ተዳፋት፥ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ለሳይንስ ታወቁ። አንዱ ከጓያባምባ ወንዝ በስተደቡብ፥ ሌላው በስተሰሜን ይኖራል። በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ የለያቸው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። እንግዲህ የአንዱን ዳር ደን አጥፍቶ «በማዶ ሌላ አለ» ማለት አይቻልም፤ የጠፋው በማዶ አይገኝምና።

የሁለቱም ኑሮ በሥጋት ላይ ነው። ደኑ ለግጦሽና ለእርሻ ይመነጠራል፤ በአካባቢው የማዕድን ፍለጋ ፈቃዶች ተሰጥተዋል። በሌላ በኩል የኤኳዶር ሕገ መንግሥት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተፈጥሮ መብት ሰጥቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሎስ ሴድሮስ ደን ማዕድን ማውጣት ይህን መብት ይጥሳል ሲል ፈረደ። ፍርዱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ያዳነው ያንን ደን እንጂ ጅረቱን ሁሉ አይደለም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስም ያልወጣለት ፍጥረት ቢጠፋ ጠበቃ የለውም፤ መጥፋቱንም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የሚደክመው ተማሪና ሕግ የሚያጠናው ተማሪ ሥራቸው አንድ መሆኑን እንገንዘብ። አንደኛው ስም ካላወጣ፥ ሁለተኛው ስለ ማን ይከራከራል?