«የምን ዶክተር?» - በሥራ ላይ የሚጻፍ ዶክትሬትና የሪፖርት እውነት

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ትምህርት አንድ የትምህርት ዜና ጽፌ ለመምህራችን አስረክቤ ነበር። በዜናው ውስጥ አንድን አሜሪካዊ የትምህርት ኃላፊ «ዶክተር» ብዬ አለፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ቃሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት «የምን ዶክተር? ምን ሠርተው?» የሚል ተጽፎበታል። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ዶክትሬት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። መልሱን ፍለጋ ሳነብ ያገኘሁት ግን ስለ እኛው የሪፖርት አጻጻፍም የሚያስተምር ስለሆነ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ሁለቱ ዶክትሬቶች

በአሜሪካ በትምህርት ዘርፍ የሚሰጡት ዋና ዋና ዶክትሬቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ሁላችንም በስም የምናውቀው ፒ.ኤች.ዲ. ነው። ሌላው ኢድ.ዲ. የሚባለው የትምህርት ሙያ ዶክትሬት ሲሆን፣ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በሐሳብ ደረጃ ፒ.ኤች.ዲ. ተመራማሪን፣ ኢድ.ዲ. ደግሞ ርዕሰ መምህራንንና የትምህርት ኃላፊዎችን ለማብቃት የታሰቡ ነበሩ። በተግባር ግን ሁለቱ እየተመሳሰሉ ሄዱ። የትምህርት ቤት ኃላፊውም እንደ ተመራማሪው ወፍራም የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እሱም ወደ ቢሮው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት አርተር ሌቪን የትምህርት መሪዎችን አሠለጣጠን ክፉኛ የሚተች ሪፖርት አወጡ። ለትምህርት አስተዳዳሪዎች ኢድ.ዲ. ጭራሹን እንዲቀርም ሐሳብ አቀረቡ። በማግሥቱ ዓመት በ2006 የካርኔጊ የማስተማር ማበልጸጊያ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ሊ ሹልማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከመሻር ይልቅ እንደ አዲስ መገንባት ይሻላል ሲሉ ጻፉ። በ2007 ደግሞ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በፋውንዴሽኑ አስተባባሪነት ተሰባስበው ዲግሪውን ከሥራ ጋር የማገናኘት ፕሮጀክት ጀመሩ።

ሐርቫርድም በ2009 የትምህርት አመራር ዶክትሬት የተባለ የ3 ዓመት አዲስ ፕሮግራም አስታወቀ። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው) 25 ተማሪዎች ይዞ ጀመረ። የትምህርት ትምህርት ቤቱ ከቢዝነስና ከኬኔዲ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ስለ ማስተማርና መማር፣ ስለ አመራርና አስተዳደር፣ ስለ ፖለቲካና ፖሊሲ ይማራሉ። ሦስተኛው ዓመት ክፍል ውስጥ አይደለም። ተማሪው ወደ አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት ገብቶ ደመወዝ እየተከፈለው እውነተኛ ሥራ ይመራል። መመረቂያውም ስለዚያው ሥራ የሚጽፈው ካፕስቶን የተባለ ማጠቃለያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥልጣኑ ጥቂት ልበል። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ የተመረጠ ቦርድ ሱፐርኢንተንደንት የሚባል ዋና ኃላፊ ይቀጥራል። ይህ ሰው ለበጀቱም፣ ለመምህራን ቅጥርም፣ ለአውቶብሱም፣ ለምሳውም ተጠያቂ ነው። ቦርዱ ካልተደሰተበት ውሉን ላያድስለት ይችላል። እንግዲህ ዶክትሬቱ የታሰበው እንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው።

ጥያቄው ሲለያይ

እስቲ በምሳሌ እንየው። በአንድ ዲስትሪክት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በብዛት ከትምህርት ይቀራሉ እንበል። የፒ.ኤች.ዲ. ተማሪው «በአጠቃላይ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀራቸው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከብዙ ቦታ መረጃ ይሰበስባል። መልሱ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚቀባበሉት ዕውቀት ይሆናል። በሥራ ላይ የሚማረው ኃላፊ ደግሞ «በእኛ ዲስትሪክት፣ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ለምን ይቀራሉ? ምን ብንለውጥ ይሻላል? መሻሉንስ በምን እናውቃለን?» ይላል። ይህንን «የሥራ ላይ ችግር» ይሉታል።

አካሄዱ በአራት ደረጃ ይዞራል፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጥናት፣ ማስተካከል። ለምሳሌ ተማሪው ሁለት ቀን በተከታታይ ሲቀር ወላጅ ጋ ይደወል ተብሎ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይሞከራል። ከዚያ ሦስት ነገር ይለካል። አንደኛ፣ የቀሪዎች ቁጥር ቀነሰ ወይ? ሁለተኛ፣ ስልኩ እውነት ተደወለ ወይ? ሦስተኛ፣ ደዋዮቹ መምህራን ሌላ ሥራቸው ተበደለ ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቁልፉ እሱ ነው። ያልተደወለ ስልክ ውጤት አላመጣም ብሎ ሐሳቡን መጣል ስሕተት ነው። ሐሳቡ ገና አልተሞከረማ!

ችግሩ የት ላይ ነው?

ይህንን ሳነብ የጋዜጠኝነት ተማሪነቴ አላስቀመጠኝም። ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ ሪፖርቱን ከጻፈ ማን ያምነዋል? ደግሞስ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግላቸው መምህራን የእሱ የበታች ሠራተኞች ናቸው። የትኛው መምህር ነው አለቃውን ፊት ለፊት «እቅድህ አልሠራም» የሚለው? ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኃላፊው ዲግሪም ይፈልጋል፣ ሥራውንም ይፈልጋል፣ መልካም ስምም ይፈልጋል። ሦስቱም «ተሳካ» ብሎ እንዲጽፍ ይገፋፉታል።

መፍትሔ ተብለው የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ። ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው እንዲያደርገው ይደረጋል፤ መጠይቁ ያለ ስም ይሞላል፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም አስቀድሞ ሊያየው ይችላል። ከሁሉ የማረከኝ ግን የሐርቫርዱ ካፕስቶን አወቃቀር ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያ «ይህንን ባደርግ ይህ ይሆናል» ብሎ ያመነበትን ያስቀምጣል። ቀጥሎ ያደረገውንና የሆነውን በማስረጃ ያቀርባል። ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይተነትናል። በመጨረሻ ሥራው ለራሱ፣ ለመሥሪያ ቤቱና ለዘርፉ ያለውን ትምህርት ይጽፋል። ልብ በሉ፣ «ለራሱ» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ግምቱ አስቀድሞ ስለተጻፈ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማለፍ ይከብዳል። ያልተሳካ ሥራም በሐቅ ከተተነተነ ጥሩ ካፕስቶን ሊሆን ይችላል።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ዓምና እኔና ሦስት ጓደኞቼ የግድግዳ ጋዜጣ ለአንድ ወር አዘጋጅተን ነበር። በየሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው አራት እትም ታቅዶ የወጣው ሦስት ነው፤ እሱም አንዱ ዘግይቶ። በሪፖርታችን ላይ የጻፍነው ግን «ጋዜጣው በታቀደለት መሠረት ተዘጋጅቶ ከተማሪዎች ከፍተኛ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ነው። ተቀባይነቱን ማን ለካው? ማንም። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከየት እንደተማርኩ እንኳ አላውቅም፤ ብቻ እጄ ለምዶታል።

ለዚህ ነው ይህ ዶክትሬት የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ያልመሰለኝ። ነገ ለዘገባ ስንወጣ ስለ ሥራቸው ሪፖርት የሚያቀርቡ ብዙ ኃላፊዎች ያጋጥሙናል። «ዶክተር» የሚለውን ማዕረግ ጽፈን ከማለፍ ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይጠቅመናል፦ ሲጀምሩ ምን ይሆናል ብለው ነበር? የታቀደው በእርግጥ ተሠራ? ያልሆነው ምንድን ነው፣ ለምንስ? እነዚህን ለሌላው ከማቅረባችን በፊት ግን በራሳችን ሪፖርት ላይ መሞከር ያለብን ይመስለኛል።

የዘንድሮውን የግድግዳ ጋዜጣ ስንጀምር የምናስበውን በአንድ ገጽ ጽፈን ለመምህራችን ቀድመን ለመስጠት ተስማምተናል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያው ገጽ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዛል። አራት ብለን ሦስት ካወጣን፣ ሦስት ብለን እንጽፋለን።