ትርጉምና ውርስ ትርጉም በግጥም

ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚመለስ ጽሑፍ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንደኛው ለደራሲው፣ ሁለተኛው ለአንባቢው ነው። ሁለቱን እኩል መክፈል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለመረዳት «ታኦ ቴ ቺንግ» የተባለውን ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ እንመልከት።

መጽሐፉ የላኦ ትዙ ድርሰት ነው ተብሎ ይነገራል። 81 አጫጭር ምዕራፎች ሲኖሩት፣ በጠቅላላው 5,000 ያህል የቻይና ሆሄያት ብቻ ይዟል። «ታኦ» ማለት «መንገድ» ነው፤ «መናገር» ማለትም ይሆናል። ደራሲው በመክፈቻው ላይ በሁለቱም ፍች ተጠቅሞበታል። ይህም በቅኔያችን ኅብረ ቃል ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። ተርጓሚው ግን አንዱን ፍች ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ከዚህም በላይ የጥንቱ የቻይና ግስ ጾታን፣ ቁጥርንና ጊዜን በቅርጹ አያሳይም፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል።

ሦስት አሜሪካውያን ጸሐፊዎች መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ግጥም አቅርበውታል። እነርሱም ዊተር ቢነር በ1944፣ ስቲቨን ሚቸል በ1988፣ ኧርሱላ ለጉዊን በ1997 (እ.ኤ.አ.) ናቸው። ሦስቱም የሠሩት ቻይንኛ ሳያውቁ፣ የቀደሙ ትርጉሞችን መሠረት አድርገው ነው። ሚቸል ጠቢቡን አንዴ በወንድ፣ አንዴ በሴት ጾታ ጠርቶታል፤ እንዳሳጠረና እንዳስፋፋም በመቅድሙ ገልጿል። ለጉዊንም ሥራዋ ትርጉም አለመሆኑን በመጽሐፏ አስታውቃለች።

ምሳሌ፦ በ11ኛው ምዕራፍ የሸክላ ዕቃ የሚጠቅመው በውስጡ ባለው ባዶ ስፍራ መሆኑ ተመልክቷል። ይህን ሐሳብ ስለ እንስራ አድርገን ብንገጥመው፦

ሸክላ ሠሪ ብታውቅ ጭቃ ማሳመሩን፣
ባዶው ሆዱ እንጂ ማን ያዘው ውኃውን።

ልብ በሉ፤ ሠሪዋን ሴት ያደረግናት እኛ ነን። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ሳያሳይ አይቆምምና መምረጥ ግድ ሆነብን። «ሆድ» የሚለውን ቃል ግን ማንም አላስገደደንም፤ ለውበት ብለን ጨመርነው። ሐሳቡ ከላኦ ትዙ ቢመጣም ስንኙ የእኛ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ውርስ ትርጉም ይባላል።

ውርስ ትርጉም መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ የራስን ቃል በሌላው አፍ አኑሮ ዝም ማለት ነው። አንባቢው የሚያምነው የጥንቱን ሊቅ እንደሰማ ነው፤ የሰማው ሌላ ከሆነ ሊነገረው ይገባል።

መልመጃ

1. በምሳሌው ግጥም ውስጥ ከምንጩ ሐሳብ ውጭ የተጨመሩትን ቃላት ለይታችሁ ጻፉ።

2. «ብታውቅ» የሚለውን ግስ መጀመሪያ ለነጠላ ወንድ፣ ቀጥሎ ለብዙ ቁጥር ለውጡ። የስንኙ ምጣኔ የሚዛባው በየትኛው ነው? ለምን?

3. በዚሁ ምዕራፍ ቤትም የሚጠቅመው ግድግዳው በከበበው ባዶ ስፍራ እንደሆነ ተጠቅሷል። ሐሳቡን መጀመሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ በሁለት ስንኝ ጻፉ። ከግጥሙ በታች የጨመራችሁትንና የተዋችሁትን ግለጹ።