ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዐቢይ ጾም ሲመጣ ስለ ስግደቱ፣ ስለ ቅዳሴው ሰዓት፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው ብዙ እንነጋገራለን። ልቡ ጨልሞበት ከአልጋ መነሣት ስላቃተው ክርስቲያን ግን እምብዛም አናነሣም። ይህ ሰው በመካከላችን አለ። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ወይም ሲተኛ ይውላል። ምግብ አይጥመውም። ዳዊት ሊደግም ይገልጥና ፊደሉ ብቻ ይታየዋል። ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል፤ እኛ ድብርት እንለዋለን። እርሱ ግን «ሃይማኖቴ ቢጠነክር ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር» እያለ በሕመሙ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል።

እስቲ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19ን እንይ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የኤልዛቤል ዛቻ ሲደርሰው ሸሸ። ቤርሳቤህ ላይ ብላቴናውን ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። (ይህችን ልብ በሉልኝ፤ የከፋው ሰው አብሮት ያለውን ሰው ትቶ ይሄዳል።) ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ። ሞትን የለመነው ከሃዲ አይደለም፣ ነቢዩ ነው።

መልአኩ ታዲያ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ትናንት እሳት ያወረድክ ሰው ዛሬ እንዴት እንዲህ ትሆናለህ አላለውም። ዳስሶ ቀሰቀሰውና እንዲበላ ነገረው። በራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አልከለከለውም። ሁለተኛ መጥቶ፣ የሚሄደው መንገድ ሩቅ ነውና እንደገና እንዲበላ አደረገው። 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። ስለ ጾም ስናስተምር የኤልያስን 40 ቀን ዘወትር እንጠቅሳለን፤ ከዚያ በፊት ያለውን እንጎቻና እንቅልፍ ግን እንዘለዋለን።

ስለዚህ የታመመ ሰው ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ቢታዘዝለት ጾሜ ፈረሰ ብሎ አይጨነቅ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን እንደ ጤነኛ ጹም ብላ አታስገድድም። «መድኃኒቱን ጣልና ጠበል ብቻ ጠጣ» የሚሉም አይጠፉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግን ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ለምን ሌላ ሕግ እናወጣለን? በአዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ አማኑኤል ነው፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እኛ ግን ስሙን ለስድብ እናውለዋለን።

ወደ ኤልያስ እንመለስ። ኮሬብ ሲደርስ እግዚአብሔር በዚያ ምን እንደሚያደርግ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። እርሱም ሁለት ጊዜ ያንኑ ብሶት ተናገረ፤ ብቻዬን ቀረሁ ነው ነገሩ። እግዚአብሔር ብሶቱን ሰማው፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፣ ኤልሳዕንም ሰጠው። ዳዊት መድገም ያቃተው «እግዚኦ» ብቻ ይበል። ማልቀስም ከቻለ ያልቅስ፣ ጸሎት ነው። ኤልያስ ያን ቀን የለመነውን አላገኘም። በእሳት ሠረገላ ዐረገ እንጂ እስከ ዛሬ ሞትን አልቀመሰም። ከዛፉ ሥር ተኝቶ ሳለ ግን ይህ አንዱም አይታየውም ነበር።

አራተኛው የጾሙ ሳምንት መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት የታመመው ሰው መዳን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነበር የነገረው (ዮሐ. 5)። ከዐረብ አገር ተመልሳ በሯን የዘጋች እኅት፣ ሥራ አጥቶ ከሰንበት ትምህርት ቤት የቀረ ወንድም ካለ ቤቱ እንሂድ። «ምን ጎደለህ?» አንበል። ሽሮም ቢሆን ይዘን አብረን እንብላ፣ ሐኪም ዘንድም አብረን እንሂድ። ሞትን የሚመኝ ካለ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር፤ የሰማም ሰው ለብቻው አይተወው፣ ነገ ሳይል ወደ ጤና ተቋም ይዞት ይሂድ። ለንስሐ አባቱም ይነገር፤ ቄሱ እስኪመጡ ድረስ ግን ሐኪም ቤት መሄዱ አይዘግይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።