ቀለበቱን ያለ ኦክሲጅን መፍታት

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ሃይድሮካርቦን ማለት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ውሁድ ነው። አሮማቲክ የሚባለው ደግሞ ካርቦኖቹ በቀለበት ተያይዘው፣ ከኤሌክትሮኖቻቸው ጥቂቱን ለማኅበር ያዋጡበት ዓይነት ነው። ከእነዚህ ቀላሉ ባለ ስድስት ካርቦኑ ቤንዝን ነው። መኪና የምንሞላው ቤንዚን በስም ይቀርበዋል እንጂ እርሱ አይደለም፤ ነዳጁ የብዙ ውሁዶች ድብልቅ ሲሆን ቤንዝን በውስጡ በጥቂቱ ይገኛል። በቤንዝን ቀለበት ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ጭራ ሲቀጠል ቶሉይን ይሆናል። ይህን ጭራ ልብ በሉት።

ቀለበቱን ያጸናው ያ የማኅበር ኤሌክትሮን ነው። ከስድስቱ ማያያዣዎች አንዱን ለመፍታት የሚሻ፣ የሁሉንም ውል መንካት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንምጣ። እነዚህን ውሁዶች የሚመገቡ ባክቴሪያዎች አሉ። ኦክሲጅን ላላቸው ባክቴሪያዎች ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛ፣ ተቀባይ ነው፤ ከምግቡ የወጣው ኤሌክትሮን መጨረሻ ያርፍበታል፤ መተንፈስ የምንለው ይህን ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ነው፤ ኢንዛይሞች፣ ማለትም የሕዋስ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ኦክሲጅንን ቀለበቱ ላይ በቀጥታ ይተክሉና ያላሉታል። እንግዲህ «ኦክሲጅን የለም» ስንል የጠፋው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ቀሪውን ትምህርት መከተል ይቸግረዋል።

ተቀባዩን መተካት ቀላሉ ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ቤሚጂ ከተማ አጠገብ፣ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሰሰ። ሊሰበሰብ ያልቻለው እስከ ከርሠ ምድር ውኃው ዘለቀ። በዘይቱ አቅራቢያ ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጅኑን ጨረሱት፤ ግን መተንፈስ አላቆሙም። ጂኦባክተር የተባለው ወገን ኤሌክትሮኑን በአሸዋው ላይ እንደ ዝገት ለተለበጠው ብረት ይሰጣል። ብረቱም ኤሌክትሮን ሲቀበል ይሟሟል፤ ተመራማሪዎች በውኃው ውስጥ የሟሟ ብረት መብዛቱን ሲያዩ ሥራው እንደ ቀጠለ ያውቃሉ። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወይም ሰልፌትን ተቀባይ ያደርጋሉ።

መሣሪያውን መተካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለረጅም ጊዜም የማይቻል ይመስል ነበር። የቶሉይን መፍትሔ ቀለበቱን ትቶ በጭራው መግባት ነው። ኢንዛይሙ ራዲካል ይይዛል፤ ራዲካል ማለት ጥንድ የሌለው ብቸኛ ኤሌክትሮን ያለው ነው። ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን ከጭራው አንድ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው ጭራ በሕዋሱ ውስጥ ከሚገኘው ፉማሬት ከተባለ ትንሽ አሲድ ጋር ይጣበቃል። ኢንዛይሙም የነጠቀውን ሃይድሮጅን ይመልሳል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ መመለሱ ነው።

የተገኘው ውሁድ ተቆራርጦ ቤንዞይል ኮኤ ይሆናል፤ ይኸውም በሕዋሱ ተሸካሚ ላይ የተጫነ ቀለበት ነው። አሁን ባክቴሪያው ኦክሲጅን በመትከል ፈንታ ኤሌክትሮን ይጨምርበታል። ታውኤራ አሮማቲካ የተባለችው ባክቴሪያ ለሁለት ኤሌክትሮን ሁለት ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ የኃይል ገንዘብ፣ ትከፍላለች። የማኅበሩ ውል በዚህ ይላላል፤ ከዚያ ቀለበቱን የሚከፍተው ውኃ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ያ ባለ ራዲካል ኢንዛይም ኦክሲጅን ከነካው ይቆረጣል። ስለዚህ «ኦክሲጅን ሳያስፈልገው ይሠራል» እና «ኦክሲጅን ከሌለ ብቻ ይሠራል» አንድ አይደሉም፤ የእርሱ ሁለተኛው ነው።

ቤንዝን ደግሞ ጭራ የለውም፤ የመግቢያ በሩ ተዘግቷል። ያለ ኦክሲጅን የሚፈቱት ባክቴሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን መንገዱ ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤንዝኑ ቶሉይን ከጠፋ በኋላም ይቆያል። ነዳጅ በፈሰሰበት አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ተመርምሮ «ቶሉይን የለም» ቢባል፣ ቤንዝኑን ለብቻው ማስመርመር ያስፈልጋል።